ግንበኛ የሌለው ግንብ

በራሳቸው ስለሚገጣጠሙ ፔፕታይዶች፣ ማለትም ስለ አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች፣ ያወጡት ጽሑፍ ፔፕታይድን ከጡብ ጋር አመሳስሎታል። ደስ ይላል፤ ግን ጡብ ግንበኛ ይፈልጋል። የዚህ ነገር ትልቁ ቁም ነገር ግን ግንበኛ አለመኖሩ ነው።

ደሴ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ጨሌ ክር ላይ ሰክቼ ራዳ 16 የሚባለውን ፔፕታይድ ለልጆቹ አሳየኋቸው። አርጂኒን፣ አላኒን፣ አስፓርቲክ አሲድ፣ አላኒን፤ ይሄው አራት ጊዜ ይደጋገማል። ቀይ ለፖዘቲቩ አርጂኒን፣ ሰማያዊ ለኔጌቲቩ አስፓርቲክ አሲድ፣ ነጭ ለአላኒን። ክሩን ዚግዛግ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ ሳስተኛው ነጮቹ በሙሉ በአንድ ወገን፣ ባለቀለሞቹ በሌላው ወገን ወጡ። አንዷ ተማሪዬ፣ «ቲቸር፣ ማን ነው የሚያገጣጥማቸው?» አለችኝ።

ውሃው ነው! ነጩ ወገን ከውሃ ሸሽቶ ከብጤው ጋር ይለጠፋል። ቀይና ሰማያዊ ይሳሳባሉ፣ የሃይድሮጅን ቦንድ ጎን ለጎን ያያይዛቸዋል። ከዚያ ቀጫጭን ክሮች፣ ከክሮቹም ጄል ይሆናል፤ አብዛኛው ውሃ የሆነ ጄል። ፔፕታይዱ አሲድ ውስጥ ፈሳሽ ነው፣ ደም ሲነካው ይረጋል። ስለዚህ በቀዶ ሕክምና ደም ለማቆም ይጠቀሙበታል።

ጽሑፉ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመውን ግኝት አለማንሳቱ ቆጭቶኛል። ፌኒልአላኒን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ሁለት ብቻ ተያይዘው የሚሠሯት ቁራጭ ከብጤዎቿ ጋር ተገጣጥማ ናኖቱቦ፣ ማለትም እጅግ ቀጭን ቱቦ፣ ትሠራለች። ሁለት ብቻ! ከአልዛይመር (ከመርሳት በሽታ) ጋር ከሚያያዘው አሚሎይድ ፕሮቲን የተወሰደች ቁራጭ ናት። እባክዎ ቀጣዩ ጽሑፍ ላይ እሷን ያስገቡልን፤ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።