ባዶ ዙር

ቶርኖ (ብረት እያሽከረከሩ የሚቆርጡበት ማሽን) የገዛሁት የምጣዳችን ክዳን እጀታ ስለወለቀ ነው። ለሚስቴ የነገርኳት እንደዚያ ብዬ ነው።

«እጀታውማ ታይዋን ገበያ ይሸጣል» አለችኝ።

«የታይዋን ዕቃ አይበረክትም» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ቶርኖውን ካየሁት ሁለት ሳምንት አልፎኛል። እንቅልፍ ነስቶኛል። እጀታው የወለቀ ቀን ደስታዬን ለመደበቅ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ማሽኑ የተኛው አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነው። ከላዩ የባጃጅ ሬሳ፣ ከሥሩ የሽቦ አልጋ። ነጋዴው በኪሎ ሊሸጥልኝ ሚዛኑን እያዘጋጀ ነበር። እኔ ሞኙ አፌ አላርፍ ብሎኝ «የት አገር ሥሪት ነው?» አልኩት። ሚዛኑን መልሶ አስቀመጠው። ከላይ እስከ ታች አየ፤ ማሽኑን ሳይሆን እኔን። «አቦ እንዲህ ዓይነት ዕቃ አሁን ከየት ይገኛል!» አለ። ከጥያቄዬ በፊት ውዳቂ ብረት ነበር፣ ከጥያቄዬ በኋላ ቅርስ ሆነ። ያቺ ጥያቄ ስንት እንዳስከፈለችኝ ለሚስቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

በጋሪ አመጣነው። ለማውረድ ስምንት ሰው መጣ። ስድስቱ አዛዥ ነበሩ።

ድሬ ላይ በብረት ነገር ሁሉም አዛዥ ነው። ከተማዋን የቆረቆራት ራሱ ብረት ነዋ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ፣ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባቱ ከባድ ነው ተባለና ከተራራው ሥር ቀረ። እዚያው ከተማ በቀለ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የምትባለው። ይህን ሐረሮች ማስታወስ ይወዳሉ፣ እኛ አንወድም። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። የሚሰበረው ሁሉ ግን ድሬ ወርክሾፕ እየመጣ ሲቀልጥ፣ ሲቆረጥ፣ ሲጠገን ኖረ። ስለዚህ አጎቱ ሽሚንደፈር (ምድር ባቡር) ያልሠራ የድሬ ልጅ ካገኛችሁ መታወቂያውን እዩት።

የሰፈራችን አጎት «ሙሴ» ይባላል። ከፈረንሳዮቹ ጋር ስለሠራ ነው፤ «ሙሴ» የእነሱ «አቶ» ነው። ዕድሜውን ሽሚንደፈር ቶርኖ ላይ ጨርሶ ጡረታ ወጥቷል። (በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ የሌላ አገር አንባቢ አንቱ አላለም ብሎ አይቀየመኝ። ድሬ ላይ አንቱ ብለው «ምን አጠፋሁ?» ነው የሚለኝ።)

ሙሴ በመጀመሪያው ቀን ማታ ከዘራውን እየጎተተ መጣ። ሰላም አላለኝም። አመልካች ጣቱን ማሽኑ ላይ አሳርፎ፣ ተንሸራታቹ የሚሄድበትን ሐዲድ በጥፍሩ ቀስ ብሎ ዳሰሰ። «ሐዲድ» ያለው እሱ ነው፤ የባቡር ሰው ሌላ ቃል የለውም። ጥፍሩ ቻኩ (የሚቆረጠውን ብረት ይዞ የሚዞረው ክፍል) አጠገብ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«እዚህ ጋ ተበልቷል።»

«ሌላው ጋስ?»

«ሌላው ጋ ደህና ነው። ሥራ ያለበት ቦታ ነው የሚበላው።» ከዚያ ዋጋውን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሳቀ፣ ሳቀና ሳል ያዘው። ውሃ ያመጣችለት ሚስቴ ናት። የምን ሳቅ እንደሆነ ጠየቀችው። እግዜር ይስጠው፣ አልነገራትም።

ዝገቱን ለማስለቀቅ ናፍጣ ሞከርኩ። ከዚያ አቼቶ። የተፈታውን ብሎንና ዳዶ ሁሉ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ዘፍዝፌ ሦስት ቀን ቆየሁ። አቼቶ ዝገት ይበላል፣ እውነት ነው። ታጥቦ ወዲያው ዘይት ካልተቀባ ግን ብረቱ በአንድ ሌሊት መልሶ ብርቱካን ይሆናል። ይህን ያወቅኩት በማግስቱ ጠዋት ነው። ሚስቴ ደግሞ ሰላጣ ልትሠራ ባዶ ጠርሙስ ስታነሳ አወቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑን «አማቴ» ትለዋለች። ቤቴን ያዘች፣ ዕቃዬን ጨረሰች፣ እንግዳው ሁሉ የሚጠይቀው እሷን ነው ትላለች። ጠዋት ጠዋት «አማቴ ደህና አደረች?» ብላኝ ነው ቡና የምታቀርበው።

ቀለሙ አምስት ድርብ ነበር። አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ ሰማያዊ፣ እንደገና አረንጓዴ፣ ከሁሉም ሥር ጥቁር። እያንዳንዱ ባለቤት ሳያጸዳ ነው የቀባው። አንደኛውማ ዝንብ እንዳረፈችበት ቀብቶታል፤ ክንፏ ሳይቀር ቅርጿ ይታያል። ሦስተኛው ድርብ ሥር የናስ ሰሌዳ ወጣ፦ «ሜድ ኢን ኢንግላንድ»። ደስ አለኝ። ሙሴ ግን ፊቱን አጨማደደ። «ኢንች ነው» አለ፣ ሐኪም የምርመራ ውጤት እንደሚናገር። ያኔ አልገባኝም።

መብራቱም ሌላ ጣጣ ነው። የማሽኑ ሞተር 380 ቮልት ይፈልጋል፣ ቤቴ ያለው 220 ነው። ሞተሩን አውጥቼ አሮጌ የውሃ ፓምፕ ሞተር በቺንጊያ አያያዝኩለት። ሲነሳ የጎረቤት አምፑል ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይከፍታል። በዚህ ነው ሰፈሩ ሥራ መጀመሬን የሚያውቀው።

አውቆም ዝም አይል። ድሬ ላይ ያለ ማራገቢያ መኖር አይቻልም፣ የማራገቢያ ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ደግሞ ሲበላ ይጮሃል። የሰፈሩ ማራገቢያ ሁሉ እኔ ጋ መጣ። የስፌት መኪና ፔዳል መጣ፣ የባጃጅ ዘንግ መጣ፣ አንዲት ጎረቤቴ የሙቀጫ ዘነዘና ይዛ መጣች (የእንጨት ነው፤ «ያው ክብ አይደል?» አለችኝ)። ሠርቼ ስጨርስ ሁሉም ኪሱን እየዳበሰ «ስንት ነው?» ይለኛል። እኔም የድሬ ልጅ ነኝና «ተወው አቦ» እላለሁ። እሱም ይተወዋል። ሁለተኛ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ናሱን ከኪሴ እገዛለሁ፣ መብራቱን እከፍላለሁ፣ በምትኩ አንድ ፌስታል ሙሸበክ (ጣፋጭ) ይላክልኛል። የመጀመሪያው ማራገቢያ የት ደረሰ ካላችሁ፣ አሁን አይጮህም። ያፏጫል።

ከዚያ ጀመዓው መጣ። ከምሳ በኋላ ከተማው በሙቀት ሲረታ የእኔ ዎርክሾፕ ጥላ አለው። አንዱ ጀሪካን ገልብጦ ተቀመጠ፣ ሌላው ምንጣፍ አመጣ፣ ጫት ተዘረጋ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲመጣ አንድ ቶርኖ ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ ፋብሪካ ሆነ። አሥር ሰዓት ላይ ብሎን ወደ ጅቡቲ እንልካለን። አሥር ተኩል ላይ ስለ ትርፍ ክፍፍል ሁለቱ ተኳረፉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «እስቲ ይህን ሞተር አንዴ ያዙልኝ» ስላቸው አንዱ ወገቡን፣ አንዱ መንገድ ያለበትን አስታወሰ። ሦስተኛው ገራባውን እያየ ዝም አለ።

ያን ዕለት ነው ሙሴ ስለ ባዶ ዙር ያስተማረኝ። የማሽኑን መዘውር ይዞ ወደ ቀኝ አዞረ፣ ከዚያ ወደ ግራ መለሰው። መዘውሩ ሩብ ዙር ያህል ሄደ፤ የመቁረጫው ብረት ግን ንቅንቅ አላለም። ጥርሱ ተበልቶ ክፍተት ስላለው፣ ያ ክፍተት እስኪሞላ ድረስ የምታዞረው ለነፋስ ነው። «ይህን ባዶ ዙር እንለዋለን» አለ። «ሁሌም ከአንድ ወገን እየመጣህ ለካ። አቅጣጫ በቀየርክ ቁጥር ይዋሽሃል።» ከምንጣፉ ላይ አንዱ «አቦ ይሄ ይጠገናል፣ ነገ እኔ እሠራዋለሁ» አለ። ሙሴ እሱን አየው፣ መዘውሩን አየ፣ ምንም አልተናገረም።

እጀታውን አልረሳሁትም። በስምንተኛው ወር ቁራጭ አሉሚኒየም አስሬ ቆረጥኩ። እንዴት ያለ እጀታ ወጣ መሰላችሁ! ወገቧ ሰርጎድ ያለ፣ ጫፏ እንደ ሎሚ የከበበ፣ የሚያብረቀርቅ። ሚስቴ ራሷ በእጇ ይዛ ሁለቴ አገላበጠቻት። «ግጠማት እስቲ» አለች። የቀረው ውስጧ ብሎኑ የሚገባበትን ጥርስ ማውጣት ብቻ ነው።

የክዳኑ ብሎን 6 ሚሊ ነው። ማሽኑ ኢንች ነው። የሙሴ ምርመራ ያኔ ገባኝ። ጥርስ የሚያወጣው ረጅም ዘንግ በኢንች የተቆረጠ ስለሆነ፣ ሚሊ ለማውጣት 127 ጥርስ ያለው ጊር ይፈልጋል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ነው፤ 127 ለ5 ሲካፈል ልክ 25.4 ይሆናል። 127 ራሱ ደግሞ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈል ግትር ቁጥር ነው፤ በትንንሽ ጊሮች ልክ አይደረስበትም። ጊሯ ከማሽኑ ጋር አልመጣችም። ምናልባት ሰማያዊውን ቀለም የቀባው ሰውዬ በኪሎ ሸጧታል።

ሙሴ ከኪሱ በእጅ የሚዞር የጥርስ ማውጫ አወጣ። ከጣት የማትበልጥ ናት። «በዚህ ሁለት ደቂቃ ነው» አለ። «6 ሚሊ ቀዳዳ ውስጥ በቶርኖ ጥርስ የሚያወጣ እብድ ብቻ ነው።»

«አይሆንም» አልኩ። «በቶርኖው ነው የጀመርኩት፣ በቶርኖው ነው የምጨርሰው።»

ጀመዓው ከተመሠረተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ ደገፈኝ።

127 ጥርስ ያለው ጊር ለመሥራት ሚሊንግ ማሽን ያስፈልጋል። ያ ነጋዴ ግቢ ውስጥ አንድ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ ዶሮ የሚያድርበት። ለሚስቴ ክዳኑን ለጊዜው በጨርቅ እንድትይዘው ነግሬያት ጋሪ ተከራየሁ። መንገዱን ሙሉ ለራሴ የምደግመው አንድ ነገር ነበር፤ የት አገር ሥሪት ነው ብዬ አልጠይቅም፣ አልጠይቅም።

ገና ከጋሪው ሳልወርድ ነጋዴው ከበሩ ላይ እጁን አወዛወዘልኝ።

«አቦ መጣህ? ይሄኛው ጀርመን ነው!»