ስለት ሰሚው ኮሮላ

«ቶዮታ ኮሮላ። እጅግ ፅዱ። ዘይት ከመቀየር ውጪ ምንም ወጪ የሌለው። ሞተሩ ያልተነካ። በሴት የተያዘ። ለእውነተኛ ፈላጊ ብቻ።»

ይህን ማስታወቂያ አንብቦ ልቡ ያልደነገጠ የአዲስ አበባ ሰው ካለ ወይ ባለቪትዝ ነው፣ ወይ ተስፋ የቆረጠ እግረኛ። የተመረተበትን ዓመት ልብ በሉልኝ፤ አልተጻፈም። ቢጻፍስ ምን ያደርጋል? እኛ ጋ ቶዮታ አያረጅም፣ እንደ ጠጅ ይበስላል እንጂ። ሌላው ዓለም አዲስ መኪና ገዝቶ ገና ከሻጩ ግቢ ሲወጣ ዋጋው ወረደብኝ ብሎ ይተክዛል። ምስኪን! እኛ አሮጌ ኮሮላ ገዝተን፣ አሥር ዓመት ነድተን፣ ሁለቴ አጋጭተን፣ በስቱኮ ለስነን፣ ከገዛንበት አስበልጠን እንሸጣለን። ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሲያለቅስ ላሜራ ደጁ ያቆመ ይስቃል። እንዲህ ያለ ጥበብ ይዘን እስካሁን የሸለመን አለመኖሩ ይገርመኛል። ስለዚህ ዛሬ እኔ ላመስግን።

መቼም ያለ ገድል ታቦት አይነግሥምና ከገድሉ ልጀምር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ ወደኛ አገር ስንመጣ እነግራችኋለሁ።)

ሳኪቺ ቶዮዳ ይባላል፤ ጃፓናዊ፣ የአናጺ ልጅ፣ በ1867 የተወለደ። መኪና አልሠራም። ዕድሜውን ሙሉ ሲነካካ የኖረው የሽመና ዕቃ ነው፤ ድርና ማግ፣ መወርወሪያ፣ የሽሮ ሜዳ ሰዎች በእጃቸው የሚያውቁት ነገር። በ1924 ከልጁ ከኪኢቺሮ ጋር ሆኖ አንድ አውቶማቲክ የሽመና ማሽን አወጣ። ፈጣን ነበር፣ ተአምሩ ግን ፍጥነቱ አልነበረም። አንዲት ክር ስትበጠስ ማሽኑ ራሱን ያቆማል። ቀጥ! ክሯ ሳትቀጠል አንዲት ስንዝር አይሸምንም። በ1929 የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ የማሽኑን መብት ለመግዛት በ100 ሺህ ፓውንድ ተዋዋለ። በ1933 ደግሞ ልጁ እዚያው የሽመና ማሽን ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ወገኔን ላድንቅ። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲሳደብ፣ ልጄን ለሸማኔ ዘር አልድርም እያለ ሲምል የኖረ ሕዝብ፣ ዛሬ ሽማግሌ ሲላክበት ጎንበስ ብሎ የሚጠይቀው «ልጁ የያዘው ምንድን ነው፣ ኮሮላ ነው ያሪስ?» ብሎ ነው። የሸማኔው መኪና ደጅ ላይ ከቆመ የልጁ ሰባት ቤት አይቆጠርም። እንዲህ አድርጎ በደልን መካስ የሚችል ሕዝብ የት አለ?

የስሙም ነገር አለ። ቶዮዳ የነበረው በ1936 ቶዮታ ተባለ፤ በጃፓን ፊደል ሲጻፍ ስምንት ጭረት ይሆናል፣ ስምንት ደግሞ እነሱ ዘንድ የዕድል ቁጥር ነው። በዓመቱ ኩባንያው በዚሁ ስም ቆመ። እንግዲህ ባለቤቶቹ ራሳቸው ዕድል ካሰቡ እኛ መኪናችንን ጠበል ብናስረጭ ምን ነውር አለው።

ከዚህ በኋላ ያለው ምዕራፍ ትንሽ ያሳፍራልና ልጆች ፊት ባታነቡት ይሻላል። የመጀመሪያው የጭነት መኪናቸው በ1935 ወጣ፣ እናም በየመንገዱ እየተገተረ መከራ አሳያቸው። የፋብሪካው ሰዎች ዕቃቸውን ተሸክመው የቆመችበት ድረስ እየሄዱ ይጠግኑ ነበር። በ1950 ኩባንያው ሊከስር ጫፍ ደረሰ፣ ሠራተኛው አድማ መታ፣ ኪኢቺሮ ሥልጣኑን ለቀቀ። ያዳናቸው የኮሪያ ጦርነት ነው፤ የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና አዘዘ። ቀጥሎ ክራውን የምትባለውን ይዘው በ1957 አሜሪካ ገቡ። ለጃፓን መንገድ ጎበዝ ነበረች። የካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና ላይ በፍጥነት ሲለቋት ግን ተንቀጠቀጠች፣ ጋለች። በ1960 መጨረሻ ላይ ወደ አሜሪካ የቤት መኪና መላኩን አቆሙ።

አቆሙ! አንድ የእኛ ደላላ አጠገባቸው ቢኖር ኖሮ ይህ ውርደት አይደርስባቸውም ነበር። «መንቀጥቀጧ የአስፋልቱ ነው፤ ሙቀቷ ደግሞ ለክረምት አሪፍ ነው፤ ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ እየመጣ ነው» ብሎ በዚያው ቀን ይሸጣት ነበር። እነሱ ግን ሞኝ ናቸው፣ ቤታቸው ተመልሰው ለምን ጋለች ብለው መመርመር ጀመሩ። በ1966 ኮሮላ ወጣች፣ በ2021 ደግሞ 50 ሚሊዮን ተሸጠች። ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን አልገባኝም።

የዚህ ሞኝነት አባት ታይቺ ኦኖ የሚባል የፋብሪካው ሰው ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ «ለምን?» ብላችሁ አምስት ጊዜ ጠይቁ ይላል። ማሽኑ ለምን ቆመ? ጭነት በዝቶ ፊውዙ ተቃጥሎ። ጭነቱ ለምን በዛ? ኩሽኔታው በቂ ቅባት አላገኘም። ለምን? ፓምፑ በደንብ አይስብም። ለምን? ዘንጉ ተበልቷል። ለምን? ማጥለያ ስለሌለው ብናኝ ብረት ገብቶበታል። በቃ፣ ማጥለያ ግጠሙለት።

እስቲ ይህን ሁሉ ጣጣ ከአጎቴ ጋር አነጻጽሩት።

አጎቴ ኮሮላ አላቸው። ስንተኛ ልጃቸው ሲወለድ እንደገዙት ራሳቸው ይረሱታል፣ ኮሮላው ግን ከልጆቹ ሁሉ እንደሚበልጥባቸው ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፣ እትዬም ያውቃሉ። የወንበሩ ላስቲክ እንዳይበላሽ ተብሎ አልተቀደደም፤ በሙቀት ቀን የተቀመጠበት ሰው ሲነሳ የልብሱ ግማሽ ይቀራል። ስፖኪዮው፣ የፊት መብራቱ፣ ፍሬቻው፣ ሁሉም ላይ የታርጋ ቁጥር ተቀርጾበታል። ይህ ሥርዓት የእምነታችን ማኅተም ነው። ስፖኪዮ የሚነቅለው ሌባም ከቻይና መኪና አይነቅልም፣ እሱም ምእመን ነው።

አንድ ቀን ከፊት ተቀምጬ ሳይ ዳሽቦርዱ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መብራት ነበረ። ማታ ማታ ዓይኔን ይወጋኛል።»

«የምን መብራት?»

«የሞተር ነው አሉ።»

«ታዲያ ለምን አላሳዩትም?»

ዞር ብለው አዩኝ። በዓለም ላይ ያለው ርኅራኄ ሁሉ ተሰብስቦ በፊታቸው ላይ ነበረ። «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ቶዮታ እኮ ነው!»

ተመልከቱ። ጃፓኑ አምስት ጊዜ ለምን ብሎ የሚደክምበትን አጎቴ በአንድ መልስ ዘጉት። ለምን ይጨሳል? ቶዮታ እኮ ነው። ለምን ዘይት ይበላል? ቶዮታ እኮ ነው፣ ሠርቶ ነው የሚበላው። ፍሬኑ ለምን ያፏጫል? እንኳን አፏጨ፣ ጥሩንባ መቆጠቢያ ነው። በቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ በመገጣጠሚያው መስመር ላይ አንድ ገመድ አለ፤ ማንኛውም ሠራተኛ ስሕተት ካየ ይስበዋል፣ ካልተስተካከለ መስመሩ በሙሉ ይቆማል፣ ያው የተበጠሰችው ክር መሆኗ ነው። እኛ ገመድ አንስብም። ፕላስተር አለን።

በዚህ መሀል የሚኒባስ ታክሲዎቻችንን ሳላነሳ ባልፍ ይፈረድብኛል። ሃይኤስ በ1967 ሲወጣ የሠሩት መሐንዲሶች «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚባለውን የምሕንድስና ዘርፍ አያውቁትም ነበር። ስንት ሰው እንደሚጭን ጎኑ ላይ ተጽፎለት ሳለ፣ ዶልፊናችን ያንን ቁጥር እንደ መነሻ ዋጋ ነው የሚያየው። መተላለፊያው ላይ ዱካ፣ ሞተሩ ላይ ሰው፣ ረዳቱ ግማሽ አካሉ ውጪ፤ በሩ ደግሞ በገመድ። (ለካ ገመድ እኛም አለን።) ላንድክሩዘርስ ብትሉ፣ የሷ አያት በ1951 የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ ወጥታ ነው የተመሰከረላት። የእኛዋ ቪ8 ከዚያ የባሰ ዳገት አለባት፤ በየቀኑ አንድ ኃላፊና አንድ ጋዜጣ ተሸክማ ከቦሌ አራት ኪሎ ትወጣለች።

ወደ ደላላው ልመለስ፣ ያለሱ ይህ እምነት ካህን የለውምና። ቶዮታ ራሱ ያመነውን ጥፋት የእኛ ደላላ አያምንም። በ2009 እና በ2010 ኩባንያው የነዳጅ መርገጫው ይያዛል፣ የእግር ምንጣፉ ያንቀዋል ተብሎ ሚሊዮኖችን መኪና ለጥገና ጠራ። የመሥራቹ የኪኢቺሮ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። በ2014 ደግሞ ስለ ችግሩ ሕዝቡን አሳስታችኋል ተብለው 1.2 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ። ለደላላው ይህን ብትነግሩት «እነሱ የአሜሪካ ናቸው፣ ይሄ የዱባይ ነው» ይላችኋል፣ ዓይኑን ሳያሽ።

የኤርባጉ ነገር ደግሞ አለ። ታካታ የሚባል ኩባንያ የሠራው ኤርባግ በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ሲያረጅ ፈንድቶ ስብርባሪ ብረት ሰው ላይ ይረጫል ተብሎ፣ የብዙ ፋብሪካ መኪኖች፣ ቶዮታም ጭምር፣ በዓለም ዙሪያ ተጠሩ። እኛም እኮ መኪና ስንገዛ ስለ ኤርባግ አጥብቀን እንጠይቃለን፣ ማን ነው የማይጠይቅ ያለው? «ፈንድቷል?» እንላለን። «አልፈነዳም» ይባላል። ደስ ብሎን ቀብድ እንከፍላለን። አለመፈንዳቱ ነው የሚያሳስበው የሚል ሰው መጥቶ ገበያ እንዳያበላሽ እንጂ።

መንግሥትም ለእምነታችን ውለታ ውሎልናል፣ ሳያስበው። በ2012 ዓ.ም. (ይሄ የእኛ ነው) የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ወጥቶ አሮጌ መኪና ማስገባትን በግብር አጎበጠው፤ አሮጌ አይግባ ሲባል፣ የገባው አሮጌ ወርቅ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ያን ሳምንት አጎቴ ኮሮላቸውን ሸራ አለበሱት። ከዚያ ወዲህ የሚያወጡት ለቅዱስ ቀንና ለሠርግ ብቻ ነው። ቀሪውን ጊዜ በታክሲ ይሄዳሉ፣ ያው ታክሲውም ቶዮታ ነው።

ባለፈው ግን ደወሉልኝ። የነዳጁ ሰልፍ፣ ዋጋው አማሯቸዋል፣ ልጆቹም «ኤሌክትሪክ ግዛ» ብለው ጨቅጭቀዋቸዋል።

«የቻይናዎቹ ጥሩ ናቸው ይባላል» አልኳቸው።

«ቻይና?» ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «ቶዮታ ኤሌክትሪክ የለውም?»

አለው። ቢዚ ፎር ኤክስ ይባላል፣ እኛም አገር ገብቷል። ዋሽቼ ማለፍ እችል ነበር፣ ግን አጎቴ ናቸውና ነገርኳቸው፤ በ2022 በፈረንጅ መኪናው ገና እንደወጣ በሁለት ወሩ 2,700 ያህሉ ተጠርተው ነበር፣ ጎማውን የያዘው ብሎን እየላላ ጎማው ሊወልቅ ይችላል ተብሎ፣ ኩባንያውም ባለቤቶቹን ችግሩ እስኪፈታ አትንዱ አላቸው፣ በኋላ መፍትሔ አግኝተውለታል አልኳቸው።

«አትንዱ አሉ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ለብሎን?»

«ለብሎን።»

ሳቁ። ረጅም ሳቅ ነው የሳቁት፣ እትዬም ከኋላ ምን ሆነህ ነው ሲሉ ይሰማኛል። «ብሎን ማጥበቅ ያቅተናል? አንተ ልጅ፣ ቶዮታ እኮ ነው!»

ከዚያ ዋጋ አጣራልኝ አሉኝ፣ ቀለሙ ነጭ ይሁን፣ ነጭ ሲሸጥ አያከስርም። ስልኩን ልዘጋ ስል አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

«ስማ፣ ስትመጣ ፕላስተር ይዘህልኝ ና። ሰፊውን። የዚህኛው ዳሽቦርድ ሙሉ በሙሉ መብራት ነው አሉ።»