«ቤት ነሽ አይደል?» ለምትሉኝ በሙሉ

«ቤት ነሽ አይደል?» የምትባል ጥያቄ አለች። ዘንድሮ ሳትገለኝ አትቀርም።

አዎ፣ ቤት ነኝ። ስፌት መኪናዬ ያለው ሳሎን ነው፣ ስለዚህ ቤት ነኝ። ሱቅ ተከራይቼ በሩ ላይ «ልብስ ስፌት» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ማንም ሰው በጠራራ ፀሐይ መጥቶ «እስኪ ይቺን ልጅ አንዴ ያዥልኝ፣ ገበያ ደርሼ ልምጣ» አይለኝም ነበር። ሳሎን የተቀመጠ መኪና ግን ለሰው ሥራ አይመስለውም። ከቡፌው ቀጥሎ ያለ የቤት ዕቃ ነው። እኔም አብሬ ዕቃ ሆኛለሁ። የጎረቤት ቁልፍ የሚቀመጠው እኔ ጋ። የዕድር መዋጮ የሚሰበሰበው እኔ ጋ። የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ሲመጣ የግቢውን በር የምከፍተው እኔ።

ሌላውን ጊዜ ችዬ እኖራለሁ። ታኅሣሥ ሲገባ ግን አልችልም። ዛሬ ልተንፍስ።

ለማታውቁኝ፣ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። በመሐል ዳንቴልና የልጆች ሹራብ እሠራለሁ። ሁለት ልጆች፣ አንድ ባልና አንድ አማት አሉኝ። አማቴን እወዳቸዋለሁ። (ፌስቡክ ስለሚያነቡ አይደለም፤ እውነቴን ነው።)

ጾሙ የሚገባው ኅዳር 15 ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገና እየመጣ መሆኑን ቅቤ የናፈቀው ሁሉ ያውቀዋል። በዓሉ ደግሞ እንደ ፋሲካ ወዲህ ወዲያ አይልም። ታኅሣሥ 29 ነው፣ በቃ። ጳጉሜ ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ብቻ 28 ላይ ይውላል። በ2016 እንደዚያ ነበር። ያን ጊዜ «28 ማታ መጥቼ እወስዳለሁ» ያለችኝ ደንበኛ ነበረች። «እናቴ፣ ዘንድሮ 28 እኮ ራሱ ገና ነው» አልኳት። «ውይ! ታዲያ አንድ ቀን ቀደም አድርጊልኛ» ብላኝ ስልኩን ዘጋችው። ካላንደሩን ያወጣሁት እኔ ይመስል።

እሺ፣ እሱ ከአራት ዓመት አንዴ ነው፣ ይለፍ። ግን ኅዳርን ሙሉ የት ናችሁ? ኅዳር ላይ መኪናዬ አፉን ከፍቶ ይውላል። ማንም የለም። ሰዉ ቀሚስ ትዝ የሚለው ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ተሳልሞ ሲመለስ ነው። ከዚያ ለገና የቀረው አሥር ቀን ነው። በዚያች አሥር ቀን ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ የሽሮ ሜዳ ፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል። አንዳንዷ ላሊበላ ነው የምታከብረው፤ እሷ በ25 መንገድ ስለምትጀምር በ24 ማታ ካልደረሰላት ከኔ ጋር ተጣላች ማለት ነው። ሁሉም ደግሞ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚለው፦ «አንቺ ጋ ምን አላት፣ ጥለቱን መለጠፍ ብቻ እኮ ነው።»

መለጠፍ! ፖስተር ነው እንዴ?

እስኪ ላስረዳ። የሸማ ጨርቅ ስስ ነው። መቀስ ሲነካው ጫፉ መተርተር ይጀምራል። ጥለቱ ደግሞ ከጨርቁ ይወፍራል። ትንሽ ከሳባችሁት ጨርቁ ይሸበሸባል፣ ካላላችሁት ጥለቱ ይነፋል። ስለዚህ መጀመሪያ በእጅ መወስወስ አለበት። ከዚያ ካውያ። ከዚያ መኪና። ከዚያ የወሰወስኩትን ክር አንድ በአንድ መልቀም። ደረት ላይ የሚወርደው መስቀል ከአንገቱ መሐል ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። አንዲት ጣት ካዘነበለ ፎቶ ላይ ሴትየዋ ራሷ የዘመመች ነው የምትመስለው። ወርቃማ ክር ካለበት መኪናውን ቀስ አድርጌ ነው የምነዳው፤ ካፈጠንኩት ይበጠሳል። ይሄን ሁሉ የምሠራው ትንሹ ልጄ ጠረጴዛው ሥር ሆኖ የወደቀ መርፌ ሲፈልግ አንድ ዓይኔን እሱ ላይ አድርጌ ነው።

አሁን ደግሞ ማቺንግ መጥቷል። እናት፣ አባት፣ ሦስት ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ጥለት። የምታዘኝ ሴትዮ ጥለቱን የገዛችው ለራሷ ቀሚስ በሚበቃ ልክ ነው። «ከተረፈው ለነሱ አድርጊላቸው» ትላለች። ባልየው ራሱ አይመጣም፣ ልኩ በቴሌግራም ይላካል። «ከኔ ትንሽ ወፈር ይላል» የሚል ልክ ተልኮልኝ ያውቃል። ከሱ ጋር ደግሞ የሞዴል ፎቶ። ሞዴሏ የለበሰችው ሌላ ጨርቅ፣ ሌላ ቀለም፣ ሌላ ወገብ። «ልክ እንደዚህ።» እሺ የኔ እናት።

መብራትም አለ። ማለቴ የለም። ደግነቱ የእናቴ የእግር ሲንጀር አለችኝ፣ እሷ መብራት አትጠይቅም። ዓይኔ ግን ይጠይቃል። ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ በስልክ ባትሪ የሰፋችሁ ካላችሁ ታውቁታላችሁ።

ይሄ እንግዲህ የደንበኛው ነው። ደንበኛ ቢያንስ ይከፍላል። የቤቱ ነው የባሰው።

አማቴ በዓል ያከብራሉ። ሲያከብሩ ደግሞ ከልባቸው ነው። በ12 ሚካኤል ነው፣ መርፌ አይያዝም። በ16 ኪዳነ ምሕረት። በ19 ገብርኤል፣ ያውም ዓመታዊው። በ21 ማርያም። በ23 ጊዮርጊስ። በ24 ተክለ ሃይማኖት። በ27 መድኃኔዓለም። መሐል ላይ እሑድ አለ። በእምነት አልቀልድም፤ ለታኅሣሥ ገብርኤል እኔም መኪናዬን ሸፍኜ ነው ቤተ ክርስቲያን የምሄደው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በነዚህ ቀናት ሽንኩርት ይከተፋል። ልብስ ይታጠባል። እንግዳ ይስተናገዳል፣ ቡና ሦስቴ ይፈላል፣ ቤት ይወለወላል። ይሄን ሁሉ የምሠራው እኔ ነኝ፣ ማንም «በዓል ነው፣ ተቀመጪ» አይለኝም። የማይቻለው ገንዘብ የምታስገባው መርፌ ብቻ ናት።

እዚህ ላይ ነው ጭንቅላቴ የሚዞረው። ማክሰኞ ቀን መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ሥራ ላይ አይደለሁም፣ «ቤት» ነኝ፤ ስለዚህ ልጅ ይሰጠኛል፣ ሱቅ እላካለሁ። ለማርያም ያው መኪና ላይ ስቀመጥ ግን ሥራ ላይ ነኝ፣ ስለዚህ ነውር ነው። ታዲያ መቼ ልስፋ?

ሌሊት ነዋ። ሌሊት ደግሞ ባሌ «ኧረ የመኪናሽ ድምፅ» ይላል።

ባሌ ጥሩ ሰው ነው፣ አልዋሽም። ዕቃ ያጥባል፣ ልጆቹን ያስጠናል። ነገር ግን ለትልቋ የትምህርት ቤት ፕሮጀክት ካርቶን የቆረጠው በጨርቅ መቀሴ ነው። በጨርቅ መቀሴ! ለብቻው በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ የማስቀምጠው መቀስ ነው። ወረቀት የቆረጠ መቀስ ሸማ ላይ ሲመጣ አይቆርጥም፣ ያኝካል። ስጮህ «መቀስ መቀስ ነው እንጂ ምን ልዩነት አለው» አለኝ። ያን ቀን እራት አልበላሁም። ከንዴት ነው፣ ከጾም አይደለም።

ዳንቴልን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ዳንቴልና ሹራብ ከቤት ኑሮ ጋር ይስማማሉ ይባላል። እውነት ነው፣ ወጥ እየጠበቁ፣ ልጅ እያስጠኑ ይሠራሉ። ጣጣው ግን እዚያው ላይ ነው። ኪሮሽ ይዛ የተቀመጠች ሴት ለዓይን ያረፈች ትመስላለች። ሁሉም መጥቶ ያወራታል። እኔ አበባውን ለማዞር በአፌ እየቆጠርኩ ነው፤ «እማዬ ካልሲዬ የት ነው?» ሲባል ቁጥሩ ይጠፋል። ፈትቶ እንደገና። ትልቋ ልጄን ዳንቴል በያዝኩ ቁጥር ጥያቄ ያለመጠየቅ መብት እንዳላት ነግሬያታለሁ። «እሺ፣ ግን ካልሲዬስ?» አለች።

ዘመድ ደግሞ ዳንቴል በነፃ የሚበቅል ይመስለዋል። አክስቴ የሶፋ ዳንቴል ለገና እንዲደርስላት ጠየቀችኝ። ለባለ ሦስቱም፣ ለነጠላዎቹም፣ ለቲቪውም። «ክሩን እኔ እገዛለሁ» አለች፣ ትልቅ ውለታ እንደዋለችልኝ ሆና። ገዝታ የመጣችው ለግማሹ የማይበቃ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ክር የት እንደደረሰ መርካቶ የወጣ ያውቃል። የጎደለውን ከኔ ሞላሁ። የእጄንስ? ዝም። ስሠራ ያመሸሁትስ? «አንቺ እኮ እጅሽ ፈጣን ነው።»

ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ደግሞ ሁለት ገና አላት። የፈረንጁ በኛ ታኅሣሥ 16 ይውላል። ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቿ ስጦታ የሚሆን የብርጭቆ ማስቀመጫ ዳንቴል ከዚያ በፊት መላክ አለበት። መንገደኛ ደግሞ በድንገት ነው የሚገኘው። «ነገ ማታ የሚበር ሰው አለ፣ ትንሽ ነገር ሠርተሽ ስጪው፣ ባዶ ጊዜሽን» አለችኝ። ባዶ ጊዜዬን! እህቴ፣ ባዶ ጊዜ እዚያ አሜሪካ የሚሸጥ ከሆነ በዚያው መንገደኛ ላኪልኝ።

አሁን ወደ ዋዜማው እንምጣ። ሁሉ ነገር የሚገናኘው እዚያ ላይ ነው።

በዋዜማው ዶሮ ይሠራል። ዶሮ ደግሞ በሩጫ አይሠራም። ሽንኩርቱ ብቻውን ሰዓታት ይቁላላል። ዶሮዋ 12 ብልት ወጥታ፣ በሎሚና በጨው ታሽታ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ትታጠባለች። እኔ ሰሞኑን ሙሉ ሌሊት ስሰፋ የከረምኩ ነኝ። ጣቶቼ በመርፌ ተበሳስተዋል። እነዚያን ጣቶች ሎሚና ጨው ውስጥ አስገቧቸው እስኪ። ከዚያ በርበሬ ጨምሩበት። እኔ እንባዬ የሚወርደው በሽንኩርቱ ነው ብዬ ነው የማልፈው።

በዚህ መሐል በር ይንኳኳል። ቀሚስ ልትወስድ የመጣች ደንበኛ ናት። ከለካች በኋላ «ወገቡ ትንሽ ገባ ቢልልኝ» ትላለች። እጄ ቀይ ሆኗል፣ ጨርቁ ነጭ ነው። በሳሙና ታጠብኩ፣ በሎሚ ታጠብኩ፣ በዱቄት አሸሁት፣ አሁንም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። በጣቴ ጫፍ ብቻ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ ወገቡን አስገባሁላት። እሷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ «ቤቱን ዶሮ ዶሮ አሸተትሽው፣ ስታስቀኚ!» አለችኝ። ምድጃው ላይ ያለው ሽንኩርት በዚያች ደቂቃ ያዘ። ዶሮዋንም ጾም ስለሆነ መቅመስ አልችልም፤ ጨው ይብዛባት ይነስባት የማውቀው ከቅዳሴ ተመልሰን ሰው ፊት ስትቀርብ ነው።

ባሌ በዚህ ሰዓት ቅርጫ ላይ ነው። የበሬውን መደብ እየተካፈሉ። ስመለስ እረዳሻለሁ ብሏል። ቅርጫ ሄዶ ቶሎ የተመለሰ ወንድ ካያችሁ አሳዩኝ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ መጨረሻው ነው። የሰፈሩን ሴት ሁሉ አልብሼ፣ የራሴ ልጆች ጥለት ሳይሰፋ ቅዳሴ ይደርሳል። የትልቋን ቀሚስ የታችኛውን ዘምዘማ ለብሳው ቆማ ነው የጨረስኩላት። የኔ ነጠላ ጫፉ አልተቋጨም። አማቴ እያዩኝ «አይ ልጄ፣ ቤት እየዋልሽ?» አሉ።

ቤት እየዋልሽ!

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፣ ስለዚህ ዝም አልኩ። ገና አልፏል፣ አሁን ግን እናገራለሁ። ምክንያቱም ዶሮው ሳያልቅ ስልክ መደወል ጀምሯል። ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ ከገና 12 ቀን ብቻ ነው ያለው። እንደውም ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ነው የተባለው እንጂ ስለ ገና ማንም ምንም አላለም፤ ገናን ባለፈው ዓመት ቀሚስ ማክበር ይቻል ነበር። ለማንኛውም ለጥምቀት ትእዛዝ የምቀበለው እስከ ጥር 3 ነው። ጥር 4 «እባክሽ የኔ ማር» የለም። መኪናዬ ላይ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከተቀመጥኩ ሥራ ላይ ነኝ፤ ልጅ አልይዝም፣ ቁልፍ አላስቀምጥም፣ የግቢውን በር ሌላ ሰው ይክፈት። የባል ልክ በቴሌግራም አልቀበልም፣ ባልየው በእግሩ ይምጣ። ዳንቴል የሚፈልግ ክሩንም የእጄንም ይክፈል። ቀብድ ሳይከፈል ሜትር አላነሳም።

አክስቴ፣ አንቺንም ይጨምራል።