ፎቶ መነሳት ተሳትፎ ነው እንዴ?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሐዋሳ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሐይቁ ዳር ሊተከል ስለታሰበ የዲጂታል ጥበብ ሥራ ገለጻ ተደረገልን። ሰው ሲጠጋው ቀለሙን የሚቀያይር ትልቅ ስክሪን ነው። አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው፣ «እኛስ ምን እናደርጋለን?» አሉ። ኃላፊው ፈገግ ብለው፣ «እናንተማ ፎቶ ትነሱበታላችሁ» ብለው መለሱ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን አንገበገበኝ።

ምክንያታቸው ደግሞ የባሰ ነው። ሕዝቡ ለቴክኖሎጂ «ገና አልበሰለም» አሉ። የቱ ሕዝብ? አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጠው ልጅ ሒሳቡን በቴሌብር ነው የሚቀበለው። ቁልፍ ስልክ የያዘውም *127# ብሎ ጉዳዩን ይጨርሳል። በ2001 (እ.ኤ.አ.) በርሊን ላይ «ብሊንከንላይትስ» የሚባል ሥራ ነበር። ከአንድ ሕንፃ 144 መስኮቶች ጀርባ መብራት ተደረደረ። አላፊ አግዳሚው በሞባይሉ እየደወለ ሕንፃው ላይ ጌም ተጫወተበት። ሰዉ ራሱ የሠራው አኒሜሽንና የፍቅር መልእክት ሳይቀር በመስኮቶቹ ላይ ታየ። ያኔ አይፎን የሚባል ነገር አልነበረም። ታዲያ ያልበሰለው ማን ነው?

ደግሞ ለሐዋሳ ሰው ተሳትፎን ማን ያስተምረዋል? ለፊቼ ጨምበላላ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሂዱና እዩ። ቄጣላው፣ ያ የጋራ ዘፈንና ጭፈራ፣ ሲጀመር ተመልካቹን ለዩልኝ እስቲ! አትችሉም። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ሽማግሌውም ወጣቱም እዚያው ውስጥ ነው። ግጥሙ የዘመኑን ጉዳይ ያነሳል፤ ቅሬታ ካለም በዜማ ይወጣል። ዩኔስኮ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የመዘገበው ይህንን በዓል ነው እንጂ ስክሪን አይደለም። ዳር ቆሞ ፎቶ የሚያነሳው ቱሪስት ነው። እኛን በገዛ ሐይቃችን ዳር ቱሪስት ሊያደርጉን ነው። ያንን ስክሪን የቄጣላው ድምፅ ቢያንቀሳቅሰው፣ የባጃጅ ሾፌሩ ቀልድ ቢወጣበት፣ ዓሣ አጥማጁ ስለ ሐይቁ የሚያውቀውን ቢናገርበት ምን ይጎድላል? ይህ አስቸጋሪ ሆኖ አይደለም። የሚጠይቀን ስለጠፋ ነው።

«ስድብ ይጻፍበታል» ያሉም ነበሩ። እሺ፣ ይጻፍ ይሆናል። አጣሪ ይቀመጥለት። ስድብ ፈርቶ የከተማን አፍ መዝጋት ግን ምን የሚሉት ጥበብ ነው?

ስንወጣ በር ላይ ስማችንን ጽፈን እንድንፈርም ተደረገ። እኚያ እናትም ፈረሙ። ሪፖርቱ ላይ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ተብለን ተቆጥረናል ማለት ነው።