የመጀመሪያው እንቁላል እስኪመጣ ማን ይቀልባል?

«500 ዶሮ፣ በቀን 450 እንቁላል፣ በወር ይህን ያህል ትርፍ።» እንዲህ ያለ ስሌት በማኅበራዊ ሚዲያ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስሌቱ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ጥሩ ዝርያና ጥሩ አያያዝ ካለ ከ100 ዶሮዎች 90ዎቹ በቀን እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ አለ። ችግሩ እዚያ ጊዜ ላይ እስኪደረስ ያለው ወጪ ስሌቱ ውስጥ አለመኖሩ ነው።

እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። የአንድ ቀን ጫጩት ገዝታችሁ ጀመራችሁ እንበል። እንቁላል መጣል የሚጀምሩት ከ18 እስከ 20 ሳምንት ሲሞላቸው ነው። እስከዚያ አንዷ ብቻዋን 6 ኪሎ ገደማ መኖ ትበላለች። ለ500ዎቹ 30 ኩንታል መሆኑ ነው። ክትባቱ፣ የጫጩቶቹ ማሞቂያ፣ ጉዝጓዙና የሠራተኛ ደመወዙ ገና አልተቆጠረም። መሞታቸው የማይቀር ጥቂቶችም አሉ። መጣል ሲጀምሩም በአንድ ጊዜ ከመቶ 90 አይሞሉም፤ ቀስ እያሉ ነው የሚጨምሩት። በዚያ ላይ አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን 110 ግራም ያህል ትበላለች፤ ሁሉም ሲደመር በየቀኑ ከግማሽ ኩንታል በላይ መኖ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አምስት ወር ያህል ገንዘብ ይወጣል እንጂ አይገባም።

ለእኔ የጀማሪ ገበሬ እቅድ መጀመር ያለበት ከነዚህ ባዶ ወራት ነው። ትርፉ ቆይቶ ይሰላል። ብዙ ጀማሪዎች ማምረት አቅቷቸው ሳይሆን ምርቱ ሊደርስ ሲል እጃቸው ላይ ያለው አልቆባቸው ነው የሚያቆሙት። ከዚያ ምን ይመጣል? መኖ ይቀነሳል። በዕድገታቸው ወቅት የተራቡ ዶሮዎች መጣል ይዘገያሉ፤ ከጀመሩም በኋላ እንደሌሎቹ አይሆኑም። ያን ሁሉ የለፋ ሰው በመጨረሻው ወር በእጥረት ሲሸነፍ ማየት ያሳዝናል።

ሥራው ከባድ አይደለም። አንድ ወረቀት ላይ 12 ወር አስምሩ። በየወሩ የሚወጣውን፣ የሚገባውንና እጃችሁ ላይ የሚቀረውን ጻፉ። የቤት አስቤዛና የልጆች ወጪም ይግባበት፤ ገበሬው ራሱም መብላት አለበት። ከዚያ ቀሪው በጣም ወደታች የሚወርድበትን ወር ፈልጉ። የሚያስፈልጋችሁ ካፒታል እስከዚያ ጉድጓድ ታች ድረስ ያለው ገንዘብ ነው፤ የቤቱና የጫጩቶቹ ዋጋ ብቻ አይደለም። እኔ ብሆን ለመጠባበቂያም ትንሽ እጨምርበታለሁ።

የጉድጓዱ ርዝመት እንደ ሥራው ይለያያል። ቲማቲም ችግኙ ከተተከለ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል። የተዳቀለ የአቮካዶ ችግኝ ግን ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ያስጠብቃል። ከጥጃነቷ ያሳደጋችኋት ጊደርም ወልዳ ለመታለብ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ትፈልጋለች። ዛፍ የሚተክል ሰው በመሃሉ አትክልት ቢያመርት የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ገዢውንም ከመትከላችሁ በፊት አነጋግሩት። ብዙዎቻችን «በስንት ትገዛኛለህ?» ብለን እንመለሳለን። ዋናው ጥያቄ ግን «መቼ ትከፍለኛለህ?» የሚለው ነው። ምርቱን ተረክቦ ከወር በኋላ የሚከፍል ደንበኛ ባዶ ወራታችሁ ላይ አንድ ወር ጨመረባችሁ ማለት ነው። ዋጋው ቢያምርም ወረቀቱ ላይ አስገቡትና እዩት። ምርት የሚያጥረው በየትኛው ወር እንደሆነም ጠይቁት። ቲማቲም የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ሁሉም በሚያወርድበት ሳምንት ይዞ የወጣ ሰው በተገኘው ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል።

አትክልት የሚያስብ ሰው ደግሞ ውሃውን ይለካ። በሞቃትና ደረቅ ወቅት አትክልት በቀን 5 ሚሊሜትር ያህል ውሃ ሊፈልግ ይችላል። 1 ሚሊሜትር በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ለ1 ሄክታር በቀን 50 ሺህ ሊትር መጣ ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዛችሁ ሂዱና ፓምፑ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላው ቁጠሩ። በ10 ሰከንድ ከሞላ ያንን ውሃ ለማውጣት 7 ሰዓት ያህል መሥራት አለበት። ነዳጁ ወይም መብራቱም ወጪ ነው። ልኬቱን ግን በዝናብ ወቅት አትውሰዱት። የውሃ ጉድጓዱ በጣም በሚጎድልበት ወር ነው እውነቱን የሚነግራችሁ። አፈሩንም አስመርምሩ፤ ከማዳበሪያው ዋጋ አንጻር ምርመራው ቀላል ወጪ ነው።

«እንዲህ ከተሰላማ ማን ይጀምራል?» የሚሉኝ አሉ። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ስሌቱ መንገድ ያሳያል። ለምሳሌ ለእንቁላል የደረሰ ቄብ ከጫጩት በብዙ ይወደዳል። ግን ያን ሁሉ ወር መኖና የሞት ስጋት ያስቀርላችኋል፤ ገቢውም በሳምንታት ውስጥ ይጀምራል። ገንዘቡ ለ500 ጫጩት ካልበቃ 100 ቄብ ገዝቶ መጀመር ይቻላል። መቶ ዶሮ ደመወዝ አይተካም፤ እሱን አልክድም። ስለዚህ ሥራ ያላችሁ ሥራችሁን ለመልቀቅ አትቸኩሉ። መቶዋ የምታስተምራችሁን ገበያና በሽታ ካወቃችሁ በኋላ ማስፋት ይቻላል።

ብድር የምትወስዱም ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። ከወለዱ እኩል የእፎይታ ጊዜውን ተደራደሩ። ገቢያችሁ በስድስተኛው ወር የሚጀምር ከሆነ ክፍያውም ከዚያ በፊት መጀመር የለበትም። አበዳሪው «ከሚቀጥለው ወር ጀምራችሁ ክፈሉ» ካለ ወይ የዶሮውን ቁጥር ቀንሱ፣ ወይ ሌላ አበዳሪ ፈልጉ። ፊርማው ላይ አትቸኩሉ።