የብርሃን ከተማ ልጆች ማታ የት ይሂዱ?

ባለፈው ጥር ለሠርግ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሄደን ነበር። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለን አራት ሆነን በእግር ወጣን፣ ከአራት ኪሎ ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ። የሚያዝያ 27ን ሐውልት ቀን ቀን በሚኒባስ መስኮት ስንቴ አልፌዋለሁ፤ ቆሜ ቀና ብዬ ያየሁት ግን ያን ማታ ነው። ስድስት ኪሎ ስንደርስ ያ ቀልድ የማያልቅበት ጓደኛችን ጸጥ አለ። እዚያ ያለው ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጀመረው የፋሺስቶች ጭፍጨፋ ለሦስት ቀን የፈጀው ሕዝብ መታሰቢያ ነው። ልጁ አጥሩን ተደግፎ ከአርበኛው ከራስ አበበ አረጋይ ጋር ዱር ስለገቡት ቅድመ አያቱ ያወራን ጀመር። አሥር ዓመት አብረን ስንውል አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም!

ቀን ቢሆን ይህ ወሬ አይመጣም። ቀን ሐውልት የበዓል ነው፤ አበባ ይቀመጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳና ሁሉም ወደ ቤቱ። ማታ ግን የሚያጣድፍህ የለም።

የእኛ ነገር ደግሞ ይገርመኛል። ከተማችን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ ሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን ነው። ጅራታም ኮከብ ነበር የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። እንዲህ ያለ ታሪክ ይዘን ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወጣቱ የሚሄድበት መጠጥ ቤት ብቻ ነው። (ብርዱን አልክድም፤ የኅዳር ውርጭ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።)

አንድ ጊዜ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ወደ አንድ ታሪካዊ ቦታ በጨረቃ ወጥተን ጠባቂው «በዚህ ሰዓት ምን ልትሰርቁ ነው?» ብለው መለሱን። አልፈርድባቸውም። በአንድ ዱላና በአንዲት ባትሪ ስንቱን ይጠብቁ? ማታም እንግዳ ይመጣል ብሎ ያሰበላቸው የለም።

ታሪካዊ ቦታዎቻችን ማታም ይከፈቱልን፤ እስቲ ከአንኮበር እንጀምር። በወር አንድ ቀን፣ ጨረቃዋ ሙሉ ስትሆን፣ የድሮው ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ወዳለበት ኮረብታ መውጣት ይፈቀድ። ትኬት ይቆረጥ፣ አስጎብኚ ይኑር፣ የሠፈሩ ሰዎች ቡና አፍልተው ይሽጡ። ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱበት አንጎለላም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ያ ብልጭ ድርግም የሚል ባለቀለም መብራት ግን በፈጠራችሁ ይቅር፣ ናይት ክለብ አላማረንም።

እህቴ ይህን ስነግራት «ለእናንተ ለወንዶች ቀላል ነው» አለችኝ። ልክ ናት። እሷ ከጓደኞቿ ጋር ሳትሳቀቅ የማትሄድበት ከሆነ ምኑን ተከፈተ? መንገዱ ላይ መብራት፣ መመለሻ ላይ መኪና ያስፈልጋል።

ሁሉም ቦታ ይከፈት ማለቴ ግን አይደለም። የዘረትን ዋሻ ተዉት። በ1931 ዓ.ም. ጣሊያን በመርዝ ጋዝ የፈጃቸው ሰዎች አጥንት የተገኘበት ነው፤ እዚያ በቀንም ቢሆን ድምፅ ቀንሶ መግባት ነው።

እኛ ለማንኛውም ከፋሲካ በኋላ ፈቃድ ጠይቀን አንኮበር ልንወጣ ተቀጣጥረናል። ያ ቀልደኛ ጓደኛችን የቅድመ አያቱን ፎቶ አመጣለሁ ብሏል፣ እህቴም አለችበት። ብርድ ልብሱ የደብረ ብርሃን ነው፣ ስለ ብርዱ አታስቡ።