ለመዘረፍም ሂሳብ እንከፍላለን

እኔ የምለው፣ ታክሲ ለመሳፈር ስንት እጅ ያስፈልጋል? አንዱ ስልክ ይጠብቃል፣ አንዱ ቦርሳ ያቅፋል፣ አንዱ በሩን ይታገላል፣ አንዱ ደግሞ ሂሳብ ያወጣል። እኔ የተፈጠርኩት በሁለት ነው!

ትናንት ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ከመገናኛ። እንደ ምንም ተጋፍቼ ገባሁ። ጃኬቱን ክንዱ ላይ ያንጠለጠለ ልጅ (ካፊያ እየጣለ! ያኔ ነበር መንቃት) አጠገቤ ተሸጎጠ። ከፊቴ ያለው ደግሞ ዞር ብሎ "ወንድሜ፣ ይቺ መስኮት እምቢ አለችኝ፣ እስቲ ሳብልኝ" አለኝ። እኔ ሞኙ ተንጠራርቼ ሳብኩለት። ትንሽ እንደሄድን "ወራጅ አለ!" ብለው ሁለቱም ወረዱ። ስልኬም አብሯቸው ወረደ።

ሌባውስ ሥራው ነው። እኔን ያበገነኝ ረዳቱ ነው። ለ12 ሰው በተሠራች ሚኒባስ "ጠጋ ጠጋ በሉ" እያለ 16 ሰው አጭቆ፣ ማን የማን ኪስ ውስጥ እንዳለ በማይለይበት ሁኔታ "አንተስ ንብረትህን አትጠብቅም?" ይለኛል። በምን እጄ?

ከኋላ የተቀመጡ እናት ቀስ ብለው "እጁን ሲሰድ አይቼዋለሁ ልጄ፤ ምላጭ ቢይዝስ ብዬ ፈራሁ" አሉኝ። እሳቸውን ምን እላለሁ? እኔም ስንቴ አይቼ ዝም ብያለሁ።

ገንዘቤ፣ የሰው ቁጥር፣ የልጄ ፎቶ ሁሉ እዚያ ስልክ ውስጥ ነበር። ረዳቱ ግን እጁን ዘርግቶ "ሂሳብ!" አለኝ።

ከፈልኩ።